ኤርታ አሌን ለማየት ከባህር ዳር ለምትነሱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ ኤርታ አሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጨዋለሁ።

ኤርታ አሌ ምንድነው? የት ነው ያለው?

አፋር ክልል፣ ደናክል በረሃ ውስጥ ያለ ንቁ እሳተ ገሞራ ነው። ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ እንደማለት ነው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቢያንስ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላቫ (የቀለጠ አለት) ሐይቅ እንዳለው ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ የሚቆይ የላቫ ሐይቅ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው፣ አንዱ እኛ አገር መሆኑን ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም፣ ፈረንጆቹ ግን ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጠው ይመጡለታል።

ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። ይሄን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑኝም፣ ምክንያቱም እኛ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ራሱ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ ኤርታ አሌ "መውጣት" ማለት መጀመሪያ በጣም ብዙ መውረድ ማለት ነው። ዙሪያው ከባህር ጠለል በታች የሆነ ሜዳ ነው። ቅርጹም ፊልም ላይ እንደምናየው ሹል ተራራ አይደለም፣ የተደፋ ምጣድ ነው የሚመስለው፣ ላቫው ቀጭን ስለሆነ ሳይከመር ርቆ ስለሚፈስ እንደዛ ሆኗል።

ለምንድነው እዛ ብቻ እሳት የሚተፋው?

አፋር ላይ ሦስት ትላልቅ የመሬት ክፋዮች ናቸው ከአንድ ቦታ ተነስተው የሚለያዩት፣ አንዱ የአረቢያ፣ አንዱ የእኛ የአፍሪካው ዋና አካል፣ አንዱ ደግሞ የሶማሌው በኩል። ሲለያዩ መሬቱ ይሳሳል፣ ከስር ያለው ቅልጥ አለት መውጫ ያገኛል። በ1998 ዓ.ም መስከረም ላይ ደባሁ የሚባለው ተራራ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተሰንጥቆ አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ድረስ ተላቋል፣ ይሄ በእኛ ዕድሜ የሆነ ነገር ነው።

ከባህር ዳር እንዴት ነው የሚኬደው?

ቀላሉ በአውሮፕላን ነው፣ ከባህር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወይ ሰመራ ወይ መቀሌ። ከሰመራ በመኪና ወደ አፍዴራ ትሄዳላችሁ፣ ከመቀሌ ከሆነ በአብዓላ በኩል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። አፍዴራ ያለው የጨው ሐይቅ ከባህር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ቤታችን የምንጠቀመው ጨው አብዛኛው ከዛ ነው የሚመጣው፣ እና ሐይቁ ዳር ፍል ውሃ አለ፣ ከተራራው ስትመለሱ አቧራውን የምትታጠቡት እዛ ነው።

በየብስ ለሚሄድ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጎ ወልዲያ፣ ከዛ በጭፍራ በኩል ሚሌና ሰመራ ይደረሳል። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል ግን መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሂዳችሁ ሹፌሮቹን ጠይቁ፣ ትናንት ማን መጣ፣ የት አደረ፣ ብላችሁ። ሹፌር የሚያውቀውን ማንም አያውቅም። መንገዱ እርግጠኛ ካልሆነ በአውሮፕላን ሂዱ፣ ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

መቼ ነው የሚኬደው?

ከህዳር እስከ የካቲት። እሱም ቢሆን ቀን ላይ ይሞቃል፣ ግን ሌሊቱ ይቻላል። ከመጋቢት በኋላ እየባሰ ይሄዳል፣ በእኛ ክረምት ወራት ደግሞ እዛ 45 ዲግሪና ከዛ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ስለሆነ አትሞክሩት። ባህር ዳር ሚያዝያ ላይ ያለውን ሙቀት ችያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ፣ የእኛ ሙቀት ጥላ ስር ስትገቡ ይቀራል፣ እዛ ጥላው ራሱ ይሞቃል፣ ነፋሱም ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው አይነት ነው።

ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?

አይቻልም፣ መሞከርም የለበትም። ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የአፋር አስጎብኚ ያስፈልጋል፣ የታጠቀ አጃቢም አብሮ ይሄዳል። የስልክ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ተነሱ። መኪናው ቢበላሽ ሌላ መኪና ያስፈልጋል፣ ለዛ ነው ሁልጊዜ ከአንድ በላይ ላንድክሩዘር ሆነው የሚሄዱት፣ በአንድ መኪና እንወስዳችኋለን የሚላችሁ ሰው ካለ እምቢ በሉ።

ኤርታ አሌ ብቻ ከሆነ ከሰመራ ወይም ከመቀሌ ተነስቶ ሦስት ቀን ይበቃል፣ ዳሎል ከተጨመረ አራት። ከባህር ዳር ቤታችሁ ወጥታችሁ እስክትመለሱ ሳምንት ያዙለት፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ ብላችሁ በጠባብ ቀን አትሂዱ።

ስንት ብር ይፈጃል?

ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ግን ስትጠይቁ ይሄን ይሄን ጠይቁ፦ ነዳጅ፣ ፈቃድ፣ አስጎብኚ፣ አጃቢ፣ ግመል፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ፍራሽ ሁሉ ውስጡ አለ ወይ? ለኢትዮጵያዊ የተለየ ዋጋ አለ ወይ? አብዛኛው ጊዜ አለ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም። አምስት ስድስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ የመኪናው ወጪ ይከፋፈላል።

በተለይ ውሃውን በሊትር አስቆጥሩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የወሰደን ድርጅት ውሃ አለ፣ በቂ ነው አለን፣ እኛም ዝም አልን፣ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ግን ካርቶኖቹ አለቁ፣ ስድስት ሰው ለሦስት ሊትር ተፋጠጥን፣ ከሌላ ቡድን ለምነን ነው ያደርነው። በቀን ለአንድ ሰው ከአራት አምስት ሊትር በታች ተቀብላችሁ አትነሱ፣ ካርቶኑ መኪና ላይ ሲጫን ቆማችሁ ቁጠሩ፣ ይሄ ጨዋነት ማጣት አይደለም።

ስፖርት አልሠራም፣ መውጣት እችላለሁ?

አብዛኛው ሰው ይችላል። ዳገቱ ገር ነው፣ ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዳችሁ ገዳማቱን ዞራችሁ ከተመለሳችሁ እግራችሁ ይችለዋል። ድሮ ዶዶም ከሚባለው ካምፕ ተነስቶ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት አራት ሰዓት ነበር በእግር የሚኬደው፣ አሁን መኪና በጣም የሚጠጋበት በኩል ስላለ የእግሩ መንገድ አጥሯል፣ የእናንተ ጉዞ በየትኛው በኩል እንደሆነና መኪናው የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ ጠይቁ ምክንያቱም ዝግጅቱ በዛ ይወሰናል።

የሚከብደው ዳገቱ ሳይሆን ሙቀቱና ጨለማው ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው የሚነሳው፣ ጥቁር ላቫ ላይ ነው የምትሄዱት፣ መሬቱ አንዴ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ነው፣ አንዴ እንደ ተሰበረ ገል የሾለ ነው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል። ቸኩሎ ከፊት የሚሮጥ ሰው ነው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚደክመው። አጃቢዎቹ በነጠላ ጫማ ሲሄዱ አይታችሁ እኔም እችላለሁ እንዳትሉ፣ እነሱ እዛ ነው ያደጉት።

ልብ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ጭንቅላት መምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከጀመራችሁ ቁሙና ተናገሩ፣ ውሃ ከኦአርኤስ ጋር ጠጡ። አብሯችሁ ያለ ሰው መወላገድ ወይም መዘባረቅ ከጀመረ፣ ላቡ ቢቆምም ባይቆምም፣ ያ ከድካም ያለፈ ነገር ነው፣ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉት፣ ያላችሁን ውሃ አካሉ ላይ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ጉዞው እዛው ያበቃል። ደህና ሆስፒታል የሚገኘው ሰመራ ዱብቲ ወይ መቀሌ ነው፣ ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

ምን ልያዝ?

ጫማ ነው ዋናው። ሶሉ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ቢያንስ አንድ ወር የተደረገበት። ጓደኛዬ አንዱ በሸራ ጫማ መጣ፣ መንገድ ላይ ሙጫው ለቀቀና የግራው ሶል እንደ ምላስ መንጠልጠል ጀመረ፣ በፍራሽ ማሰሪያ ገመድ አስሮ ነው የተመለሰው፣ ስንመለስ ገመዱ ራሱ ላቫው ላይ ተቆራርጦ ሦስት ጊዜ ቀይረንለታል።

ከዛ በኋላ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከትርፍ ድንጋይ ጋር፣ ምክንያቱም ሁለት እጃችሁ ነፃ መሆን አለበት። የሥራ ጓንት፣ ዋጋው ምንም አይደለም፣ ግን ስትወድቁ (ትወድቃላችሁ) እጃችሁን የምትደግፉት የመስታወት ስባሪ ላይ ነው። ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ረጅም የጥጥ ልብስ፣ ሻሽ ወይም ሻርፕ፣ ፓወር ባንክ። ጋቢ ያዙ፣ ሌሊት አናቱ ላይ በነፋስ ነው የሚታደረው፣ ደጅ ወይም በድንጋይ የተካበች ጎጆ ውስጥ ነው የምትተኙት። ጋቢው ግን ድኝ ድኝ እያለ ነው የሚመለሰው፣ የእኔን እናቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ክብሪት ክብሪት ይል ነበር።

ጾም ላይ ነው የምንሄደው፣ የሚበላ ይገኛል?

ይገኛል። የነቢያት ጾም ልክ ጉዞው በሚመችበት ወቅት ላይ ስለሚውል ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አብሮ የሚሄደው ምግብ አብሳይ ፓስታ፣ ሩዝ፣ አትክልት፣ ሽሮ ይሠራል፣ ስትከፍሉ ጾመኛ መሆናችሁን ብቻ ተናገሩ። እኔ ከቤት በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ሌሊት ላይ በሶ በጨውና በውሃ በጥብጦ እንደመጠጣት የሚያበረታ ነገር አላየሁም። ቸኮሌት አትያዙ፣ ሰመራ ሳትደርሱ ይቀልጣል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ውሃ ሳይጠጡ መቆየት ግን እዛ ሙቀት ላይ አደገኛ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አናግሩ፣ እኔም አናግሬያለሁ፣ ለመንገደኛ የሚሉትን ይነግሯችኋል።

ቀዩን ላቫ በእርግጠኝነት አያለሁ?

በእርግጠኝነት የሚላችሁ ሰው ካለ እየዋሸ ነው። በይነመረብ ላይ የምታዩት ያ ሰፊ ቀይ ሐይቅ ፎቶ አብዛኛው ከጥር 2009 ዓ.ም በፊት የተነሳ ነው። በዛን ወር ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከዛ በደቡብ ምሥራቅ በኩል መሬቱ ተሰንጥቆ ላቫው በሌላ በኩል ወጣ፣ የሐይቁም ደረጃ ብዙ ሜትር ወረደ። ከዛ ወዲህ አንድ ጊዜ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ጉድጓዱ በጭስ ተሞልቶ ምንም አይታይም። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ እንደገና ፈንድቶ አመድ ወደ ሰማይ ለቋል፣ ስለዚህ ዓምና የሄደ ሰው የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላይ ነው የተመለስኩት፣ ጭስ ብቻ። ሁለተኛው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠርዙ አጠገብ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ አስጎብኚያችን ዝም ብሎ ነፋሱን ነበር የሚያዳምጠው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ተገለጠ። ላቫው ላይ ላዩን ጥቁር ነው፣ ወተት ሲፈላ እንደሚጋገረው ስልባቦት ቆዳ አለው፣ ያ ቆዳ ድንገት ይሰነጠቅና ስንጥቁ ውስጥ ብርቱካንማ መስመር ይሮጣል፣ ከዛ አንዱ ስልባቦት ሌላው ስር እየተጠቀለለ ይገባል። ፍንዳታ የሚመስል ድምጽ ጠብቄ ነበር፣ ድምጹ ግን የማዕበል ነው፣ ልክ ማታ ነፋስ ሲነሳ ጣና ዳር ድንጋዩን እየመታ የሚመለሰው ውሃ። ዓይኔን ስጨፍን ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፣ ስገልጥ እሳት ነው። አሥር ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ጭሱ ተመልሶ ዘጋው። ለዛ አሥር ደቂቃ ሁለቱንም ጉዞ እንደገና እሄደዋለሁ።

ጋዙ አይጎዳም? ማስክ ይበቃል?

ይጎዳል። ዋናው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፣ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፣ ለዛ ነው ዓይን የሚያቃጥለው፣ ጉሮሮም የሚከረክረው። በኮሮና ጊዜ እናደርገው የነበረው ማስክ አቧራ ይቀንሳል እንጂ ጋዝ አያግድም፣ ጋዝ የሚያግደው ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ብቻ ነው። እርጥብ ሻሽ አፍ ላይ ማድረግ ትንሽ ያግዛል፣ ግን በሱ ተማምናችሁ አትቆዩ። ዋናው መከላከያ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ሆኖ መቆም ነው፣ ከዞረባችሁ ቪዲዮውን ትታችሁ ተነሱ።

አስም ያለበት ሰው ባይሄድ እመርጣለሁ፣ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆችም እንደዛው። ስትተኙ ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ አትምረጡ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። መሬቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ ክር ተበትኖ ታያላችሁ፣ ያምራል፣ ግን ላቫው ሲረጭ ነፋስ የፈተለው መስታወት ነው፣ በእጃችሁ ነክታችሁ ዓይናችሁን እንዳታሹ።

ምን ያህል መጠጋት ይቻላል?

አስጎብኚው እስከቆመበት ድረስ፣ አንድ እርምጃም አትጨምሩ። የጉድጓዱ ጠርዝ ከላይ ስታዩት ጠንካራ ድንጋይ ይመስላል፣ ከስሩ ግን ሙቀቱ እየበላው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ተደርምሶ የሚያውቅ ጠርዝ ነው። አዲስ ላቫም ከላይ ደርቆ ከውስጥ ባዶ የሆነ ቅርፊት አለው፣ ስትረግጡት እንደ እንቁላል ቅርፊት ድምጽ ካሰማ ወደ ኋላ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ቅልጡ አለት ራሱ ከ1100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ቁጥሩን ትታችሁ ይሄን ያዙ፦ ቅርፊቱ ጥቁር ሆነ ማለት ቀዝቅዟል ማለት አይደለም።

እዛ ቆመን አንድ ልጅ ለሰልፊ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። አስጎብኚው አልጮኸም፣ ዝም ብሎ ሄዶ ቀበቶውን ያዘና አስቀመጠው። ልጁ ተናደደ፣ እኔ ግን ያ ሰውዬ ባይኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እዛ እያለሁ ቢፈነዳስ?

ኤርታ አሌ በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚፈስ ነው እንጂ እንደ ቦንብ የሚፈነዳ አይነት አይደለም፣ ለዛ ነው ሰው ሊጠጋው የቻለው። ግን አብዛኛው ማለት ሁልጊዜ ማለት አይደለም። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሲፈነዳ ብዙ ከብት ገድሏል፣ ሰዎችም ቀያቸውን ጥለው ወጥተዋል። ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ዋዜማው እሁድ፣ ከኤርታ አሌ ደቡብ ምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፣ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ፣ እስከ ህንድ ድረስም ሄዶ በረራ አስተጓጉሏል። አፍዴራ ዙሪያ ያሉ መንደሮች አመድ ለብሰው ነበር፣ ለእነሱ ትልቁ ጭንቀት ከብቶቹ የሚግጡት ሳር በአመድ መሸፈኑ ነበር።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት አካባቢው ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ከአፋር ክልል በኩል አረጋግጡ፣ አስጎብኚ ድርጅቱ ብቻ የነገራችሁን አትያዙ ምክንያቱም እሱ ብራችሁን ተቀብሏል። እዛ ሆናችሁ መሬቱ ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ ቀለሙን ከቀየረ ወይም አስጎብኚው እንውረድ ካለ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ። አመድ ከዘነበ አፍንጫና አፍ ሸፍናችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ነፋሱ አመዱን ከሚወስድበት አቅጣጫ ወጥታችሁ ራቁ።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ይሄን ሳላድበሰብስ ልናገር። ጥር 2004 ዓ.ም ላይ ኤርታ አሌ አካባቢ አምስት የአውሮፓ ቱሪስቶች ተገድለዋል፣ ህዳር 2010 ዓ.ም ላይም አንድ ጀርመናዊ ተገድሏል። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጉዞው ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። አጃቢ የሚመደበው ለዚህ ነው፣ ለማስመሰል አይደለም። ከቡድናችሁ ተለይታችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትራቁ፣ ወደ ኤርትራ ድንበር በኩል ያለ ነገር ለማየት አታስቸግሩ።

ከአፋሮች ጋር እንዴት ልግባባ?

አፋር ሰው ሲያገኝ ቁሞ ዜና ይለዋወጣል፣ ዳጉ ይሉታል፣ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ። ያንን ሲያደርጉ ሹፌሩን እንሂድ እንሂድ እያላችሁ አትነዝንዙት፣ ስለ መንገዱ የሚሰማው ወሬ ለእናንተም ደህንነት ነው። አገሩ ሙስሊም ነው፣ ቁምጣና ቦዲ አድርጎ መንደር ውስጥ መግባት ነውር ነው፣ መጠጥም ይዛችሁ አትሂዱ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ ሴቶችንና ጨው ቆራጮቹን። ድሮን ያለፈቃድ ማንሳት ከባድ ችግር ውስጥ ያስገባል። ላቫ ድንጋይ በቦርሳ ሞልታችሁ አትምጡ፣ ፕላስቲካችሁን ግን ይዛችሁ ውረዱ፣ አናቱ ላይ ያየሁት የውሃ ላስቲክ ብዛት ከጭሱ በላይ አሳዝኖኛል።

ዳሎልም ይታያል? ያው ነው?

ሌላ ነገር ነው። ዳሎል ከባህር ጠለል በታች 100 ሜትርን ያለፈ ቦታ ላይ ነው፣ እዛ ላቫ የለም፣ ከስር ያለው ሙቀት ጨዋማ ውሃ እያፈላ ያወጣል፣ ድኝና ብረት ነው ያንን ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ቀለም የሚሰጠው። ውሃው ያምራል ግን ከባድ አሲድ ነው፣ ፒ ኤች መጠኑ ዜሮ አካባቢ ይደርሳል፣ እጅ እንዳታስገቡ። ልጄ አብሮኝ ቢሆን ከኤርታ አሌ ይልቅ ዳሎል ላይ ነበር የበለጠ የምጠብቀው፣ ምክንያቱም አደጋው ቆንጆ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ዳሎል አጠገብ አሞሌ ጨው ሲቆረጥና በግመል ሲጫን ታያላችሁ፣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ነው።

እኛ ጋ፣ ጣና አካባቢስ እሳተ ገሞራ የለም? ሊነሳ ይችላል?

አሁን እሳት የሚተፋ የለም። ነገር ግን ጣና ራሱ ያለ እሳተ ገሞራ አይኖርም ነበር፣ ከሐይቁ ደቡብ በኩል የፈሰሰ ላቫ የወንዙን ሸለቆ ዘግቶ ነው ውሃው ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሐይቅ የሆነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዛው ላቫ ላይ እየሄደ ጢስ ዓባይ ላይ ሲደርስ ከ40 ሜትር በላይ ይወረወራል። ባህር ዳር ውስጥ አጥር የምንሠራበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ እሱ ነው፣ ቀዳዳው ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ ያመለጠው ጋዝ ቦታ ነው። ኤርታ አሌ ላይ አንዱን ድንጋይ አንስቼ ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ የግቢያችን አጥር ነበር።

ጉናም ጮቄም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፣ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ዝናብ የበላቸው። እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ደግሞ የፍንዳታ ጉድጓድ ነው ውሃ ሞልቶት ሐይቅ የሆነው፣ ክብነቱን ከላይ ቆማችሁ ስታዩት ይገባችኋል። ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚሞቀውም መሬቱ ውስጥ ሙቀት ስላለ ነው፣ ፍል ውሃ አለ ማለት ግን ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ይሄን እየጠየቃችሁ እናቶቻችሁን አታስፈሩ።

አፋር ለመሄድ ገና ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ ከዘንገና ጀምሩ፣ ጠዋት ከባህር ዳር ተነስቶ በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። አዲሱን ጫማችሁን ደግሞ ጢስ ዓባይ ወስዳችሁ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሂዱበት፣ ተረከዝ የሚልጥ ከሆነ እዛው በባጃጅ ተመልሳችሁ ትቀይሩታላችሁ።